የጢማሞቹ ግንብ

ያ ግንብ በጠቅላላው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አርባ አንድ ብር አስወጥቶኛል። ሁለቱን ፍየሎች ጨምሬ ነው። ግንቡ የኔ አልነበረም፤ ከድንጋዮቹ አንዱ እንኳ የኔ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በዚህ ገንዘብ ሰው ሚስት አግብቶ፣ የቤት ዕቃ አሟልቶ፣ የተረፈውን ያበድር ነበር። እኔ ግንብ አስተነፈስኩበት።

ሱቄ ከቀፊራ ገበያ ወደ ደቻቱ ወንዝ ሲወረድ፣ ከአንድ ረጅም የድንጋይ ግንብ ሥር ነበር። ጨው ነው የምነግደው። ፊት ለፊቱ መሸጫ፣ ቀጥሎ ጨዉ የሚደረደርበት መደብር፣ ከጎኑ ደግሞ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች። ቤቱን የሠራው ሰው ቆጣቢ ነበር፤ በሦስት ጎን ጭቃ መርጎ አራተኛውን ግድግዳ ከግንቡ ተበደረ። ስለዚህ የምንተኛው ጀርባችንን ለግንቡ ሰጥተን ነው። ቆርቆሯችን ከግንቡ ወገብ ላይ ያልቃል። ከዚያ በላይ ሦስት ሰው ተደራርቦ የሚያክል ባዶ ድንጋይ ቆሞ ለገበያው ሁሉ ይታያል።

ከግንቡ በላይ ያለው ግቢ ድሮ የአንድ ግሪክ ነጋዴ ነበር። ሰውየው ሄደ፣ ቤቱ ተወረሰ፣ ግቢው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ። ግሪኩ ግንቡን ሲያስገነባ ከላይም ከታችም የብረት ቱቦ በረድፍ አስቀብሮበት ነበር። የላይኛው አፈር ዝናብ ሲጠጣ ውሃው በቱቦዎቹ ይወጣል፤ ከላይኞቹ ቆርቆሮዬ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከታችኞቹ ደግሞ መደብሬ ውስጥ ባለች ቦይ ገብቶ ወደ ውጭ ይሄዳል። ቦይዋ አንዳንዴ ትሞላና የታችኛውን ጆንያ ታረጥበዋለች። ለሌላ ነጋዴ ይህ ትንሽ ነገር ነው። እኔ ግን ጨው ነበር የምሸጠው።

አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ መጥቶ ከሱቄ ፊት ቆመና ቀና ብሎ ግንቡን ማየት ጀመረ። ከደጋ የመጣ ወጣት ነው፤ ድሬዳዋ ከገባ ዓመት አልሞላውም፣ በዚያ ሙቀት ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል።

«ይህ ግንብ ሥራ ፈቷል» አለኝ።

«አፈር ይዟል እኮ፣ ጓድ።»

«አፈር መያዝ ሥራ አይደለም። ሕዝብ ማስተማር አለበት።»

ነገሩ የሚያዝያው የወዛደሮች በዓል ደርሷል፤ ሦስቱ ባለ ጢም የዓለም ወዛደር መሪዎች በትልቁ ግንቡ ላይ እንዲሳሉ ተወስኗል። ኖራና ሲሚንቶ ጠፍቷል፤ ሲሚንቶ የሚሠራበት ከተማ ውስጥ ተቀምጠን ሲሚንቶ የምናገኘው በፈቃድ ነበር። እኔ ደግሞ አንዳንድ ነገር የት እንደሚገኝ አውቃለሁ። ካድሬውም እንደማውቅ ያውቃል። የመጣው ለዚያ ነው።

ያኔ ነው ብልጠቴ የመጣችው። ዛሬም ሳስባት ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

«ኖራውንም ሲሚንቶውንም እችላለሁ» አልኩት። «ግን ጓድ፣ አንድ ነገር አሳስቦኛል።»

«ምን?»

«እነዚህ ቱቦዎች። እንደማየው አንዱ ልክ ከመሀለኛው መሪ አፍንጫ ሥር ሊውል ነው። ዝናብ ሲመጣ እንግዲህ ምን እንደሚመስል…»

ካድሬው ቱቦውን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይደፈን!»

«እሱ ብቻ?»

«ሁሉም!»

የላይኞቹ አሥራ አራት ቱቦዎች በሲሚንቶ ተደፈኑ። መደብሬ ውስጥ ያሉትን አምስቱን የታች ቱቦዎች ደግሞ በተረፈው ሲሚንቶ እኔ ራሴ ደፈንኳቸው፤ እነሱን ማንም አላዘዘኝም። ቦይዋንም ሞልቼ ጆንያ ደረደርኩባት። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ስሜ ተነሣ፤ የቱቦዎቹን መደፈን ሐሳብ ያቀረበው ነጋዴ ላሳየው አብዮታዊ ንቃት እንደተመሰገነ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ተጨበጨበልኝም። በሕይወቴ ለሰው ጨብጭቤ አውቃለሁ እንጂ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም ነበር። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ውሃውስ የት ይሄዳል?» አለችኝ።

«እሱ የቀበሌው ጉዳይ ነው» አልኳት።

ሰዓሊው የሻይ ቤትና የፀጉር ቤት ሰሌዳ የሚሠራ ሰው ነበር። ካድሬው ክብሪት የምታክል ምስል ሰጠውና ከዚያ አሳድግ አለው። አሳደገ። የመጀመሪያው ጢማም የቀፊራን ሥጋ ሻጭ መሰለ፣ መሀለኛው የማንንም ሰው አጎት መሰለ፣ ሦስተኛው ጢሙ አጭር ሆኖ ባለ ኮት ነው፤ እሱ ልክ ከመኝታ ቤታችን በላይ ዋለ። ጎረቤቴ ሶማሌ ናት፤ ከሱቄ ቀጥሎ ጨርቅ ትሸጣለች። ወጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻቸው።

«ከየት አገር ናቸው እነዚህ ሐጂዎች?» አለችኝ።

«ዝም በይ አባዮ፣ የወዛደር መሪዎች ናቸው።»

«ዋላሂ፣ ደግ ሰዎች ይመስላሉ። እኔ ዱቤ እሰጣቸዋለሁ።»

በዓሉ አለፈ። ቀጥሎ ዝናቡ መጣ። ለሁለት ሳምንት ከላይ ከቀበሌው ግቢ አንድ ጠብታ ውሃ ቆርቆሮዬ ላይ አልወረደም፤ ጨዌ እንደ ዱቄት ደርቆ ተቀመጠ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ከበርጩማዋ ላይ ሆና ብቻዋን ስትስቅ አገኘኋት።

«ምን ያስቅሻል?»

«መሀለኛው ሐጂ ቅሟል። ግራ ጉንጩን እየው።»

አየሁ። እውነትም የመሀለኛው ጢማም ግራ ጉንጭ ተነፍቷል። ድሬዳዋ ውስጥ ከምሳ በኋላ ጉንጩ ያልተነፋ ወንድ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ ስለዚህ በገበያው ማንም አልደነገጠም። ደግ አደረገ፣ እሱም እንደ ሰው ዐረፍ አለ ተባለ። በሳምንቱ ጉንጩ አንድ ዙርባ ጫት ብቻውን የጨረሰ ሰው ጉንጭ ሆነ። ጋሪ ነጂዎች ሲያልፉ «በርጫው እንዴት ነው?» እያሉ ሰላምታ ይሰጡት ጀመር።

ይህን ካድሬው ሰማ። ግንቡ መሆኑን አልጠረጠረም፤ የጠረጠረው ሰዓሊውን ነው። ጠርቶ አምባረቀበት። ሰዓሊው መሰላል አቁሞ ጉንጩን በጥቁር ቀለም እያጠላ አከሳው። እስከ እኩለ ቀን ከሳ፤ ፀሐይዋ ስትዞር ተመልሶ ወፈረ። በሦስተኛው ቀን ሰዓሊው ተስፋ ቆረጠና መፍትሔ አመጣ።

«ጓድ፣ የቀሩትን የሁለቱንም ጉንጭ ብነፋስ? ሦስቱ እኩል ከሆኑ ማንም ልብ አይልም።»

ካድሬው አልተቆጣም። ሙሉ ቀን አሰበበት።

እኔ ግን በዚያ ጊዜ ሌላ ነገር አይቻለሁ። መደብሩ ውስጥ ጆንያዎቹ በራሳቸው ወደፊት እየተገፉ ነበር። ከጣሪያው እንጨት ላይ በክር ሚስማር አንጠልጥዬ ከግንቡ ጋር ለካሁ። ሰኞ በሚስማሩና በግንቡ መካከል አራት ጣት ይገባል፤ ሐሙስ ሦስት፤ በቀጣዩ ሰኞ አንድ ተኩል። ልጆቼ የሚተኙት ከዚያው ግንብ ሥር ነው። ጀልዴሳ አካባቢ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አስጠራሁ፤ በልጅነቱ ለዚሁ ግንብ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ነው። መጥቶ መዳፉን ግንቡ ላይ አሳረፈ፣ ቀጥሎ ጆሮውን ለጠፈ።

«አቦ፣ ይሄ ግንብ ሽንቱን የያዘ ሰው ነው» አለ። «ከኋላው ያለው አፈር በሙሉ ውሃ ሆኗል። ማነው ቱቦውን የደፈነው?»

«ቀበሌው ነው።»

ሽማግሌው ሁለት ጆንያ ገፋ አድርጎ የታችኞቹን ድፍን ቱቦዎች አየ።

«ይሄንንም ቀበሌው ነው?»

ጆንያዎቹን ወደ ቦታቸው መለስኳቸው።

«ቀበሌው ጨውህን በጣም ነው የሚወደው» አለ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው አለኝ። ቱቦዎቹን መክፈት፣ ውሃው ሲወርድ ከላይ ከግንቡ ኋላ ቆፍሮ ጭቃውን ማውጣት፣ በምትኩ ጠጠር መሙላት፣ ከግቢው የሚመጣውን ውሃ ደግሞ በቦይ ወደ ጎን መምራት። ግን ከላይ ከተራራው አንድ ትልቅ ዝናብ ሳይመጣ መሆን አለበት።

«ከመጣስ?»

«ከመጣማ ከልጆችህ ጋር ግንቡ ይተኛል።»

ልጆቼን የዚያኑ ቀን ጎረቤቴ ቤት አስገባኋቸው። ልጅ ማዛወር ፈቃድ አይጠይቅም። ጨው ማዛወር ግን ይጠይቃል፤ ያለኝ አርባ ጆንያ ቀበሌው የመዘገበው ነው፤ ከመደብር ማሸሽ የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል፣ በዚያ የታሰረ ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ ካድሬው ዘንድ ሄድኩና የማዛወሪያ ፈቃድ ጠየቅሁ።

«ምክንያት?» አለኝ፣ ብዕሩን አንሥቶ።

«ግንቡ ሊወድቅ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ።

«የመሪዎች ሥዕል ያለበት ግንብ ሊወድቅ ነው ብዬ እኔ ልጻፍ?»

«ታዲያ ምን ይጻፍ?»

«ሌላ ምክንያት ይዘህ ና።»

ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። በግንቡ ጉዳይ ስብሰባ ተጠራ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ቱቦዎቹን ማን እንዳስደፈነ ፈለገና የተመሰገንኩበትን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበው። አብዮታዊ ንቃት የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። ማንም አላጨበጨበም። ካድሬው መነጽሩን አውልቆ ረቂቅ አሻጥር ማለት ይህ ነው አለ። ያው ገጽ ነው፣ ያው ቀለም ነው። እኔም ተነሥቼ ግለ ሂስ አደረግሁ፤ ንዑስ ከበርቴ በመሆኔ ጨዌን ከግንቡ አስበልጬ አይቻለሁ አልኩ። እውነቴን ነበር፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እውነት የተናገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል። ጥገናውን በሙሉ በበጎ ፈቃዴ እንድሸፍን ተወሰነ። በጎ ፈቃዴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ከባዱ ነገር መጣ፦ የመሪዎቹን ፊት ሳይበሱ ግንቡን እንዴት ይበሳል? አንዱ ሥዕሉ በጨርቅ ይሸፈን አለ። ሌላው መሪዎችን መሸፈን ምን ማለት እንደሆነ ታስቦበታል ወይ አለ። አንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። ሽማግሌው ግንበኛ ከኋላ ተነሣ።

«አንተ ልጅ» አለው ካድሬውን። በድሬዳዋ ሁሉም ለሁሉም አንተ ነው፤ ካድሬው ግን ገና አልለመደውም ነበርና ቀላ። «ጢማቸው ይሄን ያህል ነው። ጢም ውስጥ ቀዳዳ ማን ያያል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ጠረጴዛ መታ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሐሳቡ እንዳለ ቀረ፤ የሚተካው ጠፋ። ሁለቱ ጢማሞች በጢማቸው እንዲተነፍሱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

«ሦስተኛውስ?» አለ ካድሬው። «የሱ ጢም አጭር ነው።»

«ትንሽ ይርዘምለት» አለ ሰዓሊው።

«ጢም የሚረዝመው ከበላይ መመሪያ ሲመጣ ነው!»

ሦስተኛው ማለት ከኔ መኝታ ቤት በላይ ያለው ነው። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ኮት ለብሷል። አዝራር ይደረግለት።»

ካድሬው ወደ ራሱ ኮት ጎንበስ ብሎ አየ። በጣቱ ቆጠረ። ሦስት አዝራር ተፈቀደ።

ሥራው ሊጀመር ሲል ሽማግሌው ሌላ ነገር አመጣ። እንዲህ ሆዱ የተነፋ ግንብ ፍየል ሳይታረድ አይነካም፤ ሠራተኞቹ ይፈራሉ አለ። ካድሬው ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው ብሎ ግማሽ ሰዓት አስተማረን፣ ከዚያም ሠራተኛው እንዳይበተን ብሎ ፈቀደ። ፍየሉ ታረደ፣ ተጠበሰ፣ ካድሬውም ተጋበዘ። ሳህኑን አየና አልነካውም።

«ብላ እንጂ» አለው ሽማግሌው።

«ማነው ያረደው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ሃይማኖት የለኝም» አለ ካድሬው። «ግን የእስላም ሥጋ አልበላም።»

ሁለተኛውን ፍየል የገዛሁት ለዚህ ነው። በክርስቲያን እጅ ታረደ፤ ካድሬውና የኮሚቴው ክርስቲያኖች በሉት።

በማግሥቱ ከደቡብ በኩል ተራራው ላይ ደመና ተከመረ። ሽማግሌው መሰላሉ ላይ ወጥቶ በመሮና በመዶሻ የመጀመሪያውን ጢም ከፈተ። ውሃው ጭቃ ሆኖ እንደ ቀስት ወጣ፣ ከጢማሙ አገጭ ተነሥቶ መንገድ ድረስ ተወረወረ። ገበያው ተሰብስቧል። ጎረቤቴ እልል አለች፣ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ካድሬው ለመሪዎቹ የተባለ መሰለውና ግራ እጁን ጨብጦ አነሣ፤ ሁለተኛው ጢም ሲከፈት ያንኑ ክንዱን አበሰበሰው። አዝራሮቹም ተከፈቱ። ከላይ ያለው ውሃ ባዘጋጀሁት የቆርቆሮ ቦይ ወደ መንገድ ወረደ። ለአንድ አፍታ ያለቀልኝ መሰለኝ።

ሽማግሌው ግን ወርዶ መደብሩ ገባና ሚስማሩን አየ። ሚስማሩ ግንቡን ነክቷል።

«የላይኛው ወረደ» አለኝ። «ሆዱ እዚህ ነው። እነዚህ አምስቱ ካልተከፈቱ ዛሬ አያድርም።»

«ጨዉስ?»

«አውጣው።»

«ፈቃድ የለኝም።»

ጨዉ እንዳይሸሽ ቀበሌው በሬ ላይ ያቆመው አብዮት ጠባቂ ከሁርሶ ሥልጠና የተመለሰ ልጅ ነው፤ በክላሹ ተደግፎ ያየኛል። ክፉ ልጅ አልነበረም። ትእዛዝ ነው አለኝ። ደመናው ከተራራው ላይ ወርዶ ወደ ከተማው ተጠግቷል። ባለቤቴ መጣች።

«ግንቡ ከወደቀ ምን ይቀራል?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

እዚያው መደብሩ ውስጥ መግፋት ማሸሽ አይደለምና ጆንያዎቹን እስከ በሩ ገፋናቸው፣ አንዱን ባንዱ ላይ ጫንናቸው፤ ቦታ ግን የለም፣ አብዛኛው መሬት ላይ ቀረ። ክፈተው አልኩት ሽማግሌውን። አምስቱም ሲከፈቱ ግንቡ አቃሰተ። ውሃው በአምስት በኩል ጨዉ ላይ መጣ።

አንድ ነገር አልታሰበንም። ደቻቱ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ጎርፍ እንዳይገባበት በሩ ላይ ጉልበት የሚደርስ የሲሚንቶ ደፍ ይሠራል፤ የኔ ደፍ ከሰፈሩ ሁሉ ከፍ ያለና ጠንካራ ነበር፣ እኮራበትም ነበር። ውሃ አያስገባም። አያስወጣምም። መደብሩ እንደ ገንዳ ሞላ። ሽማግሌው መዶሻውን ይዞ ሮጦ ደፉን ሲያፈርስ ጨዉ ከሁለት እርከን ጆንያ በላይ ውሃ ጠጥቷል፤ ደፉ ሲለቅ ጨዋማው ውሃ የአብዮት ጠባቂውን ጫማ አልፎ ወጣና በመንገዱ ወደ ደቻቱ ወረደ። ልጁ ክላሹን ከፍ አድርጎ ያዘ። ጨው ከመደብር ሲሸሽ ፊቱ ቆሞ አየ፤ ማንን እንደሚያስር ግን አላወቀም።

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ከባድ ዝናብ ነበር፣ ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ግንቡ በጢሙም፣ በአዝራሩም፣ በመደብሬም በኩል እየተነፈሰ ቆመ። ሲያባራ ልጆቼ ተመልሰው ገቡ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከኋላው ተቆፈረ፣ ጭቃው ወጣ፣ ጠጠር ተሞላ፣ የቀበሌው ግቢ ዙሪያውን ቦይ ወጣለት። የመሀለኛው ጉንጭ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ድንጋይ አንዴ ከወጣ አይመለስም አለኝ ሽማግሌው። የቀፊራ ፍየሎች በሙሉ መንገዳችንን ለአሥር ቀን ሲልሱ ሰነበቱ፤ ባለቤቶቻቸው ገፍተው አይወስዷቸውም፣ ጎረቤቴ በጨርቅ መለኪያ እንጨቷ እያባረረች ሱቋ በር ላይ ስትራገም ትውል ነበር።

የማዛወሪያ ፈቃዱ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ለሥራ ቅልጥፍና» ተብሎ ተጽፏል። አርባ ጆንያ ጨው ወደፈለግሁበት እንዳዛውር ተፈቅዶልኛል።

ግንቡ ቆሟል። ቤተሰቡ ደኅና ነው። ከአርባ ጆንያ ሰባት ቀረ። በእጄ የቀረው አንድ መቶ ስልሳ ብር ነው።